ብርሃኑ ከግራ ይገባል

ተማሪዎቹ «መምህር እዩ» ይሉታል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሲያስተምር ከአፉ የማትጠፋ ቃል ናት፤ «አትጻፉ፣ መጀመሪያ እዩ» ይላል። ስሙን ያወጣችለት ባለቤቱ ናት እየተባለ ይታማል፤ ሐሜቱም እውነት ነው።

ባለቤቱ የዚያው ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። የእሱ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ቤተ መጻሕፍቷን ቆልፋ ትመጣና፣ መጋረጃውን ጋርዳ፣ ከክፍሉ ኋላ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ስላይዶቹን፣ እነዚያን በካርቶን ክፈፍ የታቀፉ የፊልም ቁራጮች፣ ማሽኑ ላይ የምትደረድረው እሷ ናት። እሱ ከፊት ቆሞ ያወራል፤ ሲጨርስ ዞር እንኳ ሳይል «ቀጥዪ» ይላል። ቁልፉን ትጫናለች፤ ማሽኑ ቀጭ ይላል። የዋሻው በሬ ይሄድና የእብነ በረዱ ጎረምሳ ይመጣል። «ቀጥዪ»፤ በወርቅ መደብ ላይ የተሳለችው እናት ትመጣለች። ባልና ሚስቱ በዚያ ጨለማ ውስጥ የሰውን ልጅ ዘመን ሁሉ አብረው ሲዞሩ ኖሩ። ቤት ውስጥ እንኳ ይህን ያህል አይግባቡም ነበር፤ ቤትማ በጨው ማነስም ይጣላሉ።

ከዚያ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

እሱ አላለቀሰም። ዘመድ አዝማድ «ወንድ ነው፣ ቻለው» አለ። ቻለው እንዳይባል፣ መቼ ተሰማውና! ይበላል፣ ይተኛል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል። «አይዞህ» ሲሉት ሰዓት እንደተነገረው ሰው «እሺ» ይላል።

ሥራውንም ቀጠለ። ስላይዶቹን አሁን ራሱ ይደረድራል፤ ወደ ኋላ እየተመላለሰም ማሽኑን ቆሞ ይጫናል። ሥዕሉ ተዘቅዝቆ ጣሪያው ወለል ሲሆን ያን እንኳ ያያል፤ አውጥቶ ይገለብጠዋል። ትምህርቱ በቃሉ ስለሚወጣው ልቡን አያስቸግረውም። ከአንገት በላይ እያስተማረ ወራት አለፉ።

ጉዱ የወጣው በወተት ቀጂዋ ነው። ከሥዕሎቹ ሁሉ ነፍሱ ይህችው ናት፦ አንዲት የቤት ሠራተኛ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ከሸክላ ማንቆርቆሪያ ወተት ትቀዳለች። ዳቦ አለ፣ መስኮት አለ፣ በቃ። ድሮ እሷ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር፤ ወተቱ እንዳይፈስባት የሚጠነቀቅ ይመስላል።

ያን ቀን ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ «ብርሃኑ ከግራ ይገባል» አለ። «ከመስኮቱ ተነስቶ ግንባሯን፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን የያዘውን ቀኝ እጇን ይነካል።»

ተማሪዎቹ ቀና ብለው አዩ። መስኮቱ በቀኝ ነው። ሴትዮዋም ማንቆርቆሪያዋን በግራ እጇ ይዛለች። አጎንብሰው «ብርሃኑ ከግራ» ብለው ጻፉ፤ መምህር ካለ አለ ነው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ግራ ሲሉ የኛን ነው የሴትዮዋን?»

ልጅቱ ጨዋ ናት፤ መውጫ በር እየከፈተችለት ነው። ዞሮ አየ። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነች ሲጠይቃቸው ከመንፈቁ መጀመሪያ ጀምሮ መሆኑን፣ የተገለበጡ ሌሎችም እንዳሉ፣ እሷንማ «ግራኟ» እያሉ እንደሚጠሯት ነገሩት። ለካስ ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ኖሯል። ዓይን ለራሱ ባዳ ነው።

ማፈር ነበረበት። አላፈረም። ያስፈራውም ይኸው ነው።

ማምሻውን ሴት ልጁ እራት ልታበላው ስትመጣ የወተት ቀጂዋን መገልበጥና ማስተማሩን ሊተው መሆኑን ነገራት። ድምፁ የአየር ሁኔታ የሚናገር ይመስላል። ነገ ጧት ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቃል።

«ማየት ያቆመ ሰው እንዴት ብሎ እዩ ይላል?» አላት።

ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን የስላይድ ሳጥን ከፍታ የወተት ቀጂዋን ስላይድ አወጣችና ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«አባዬ፣ ነጥቧን አላየሃትም?»

በክፈፉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ አለች። በሁሉም ስላይዶች ላይ አለች፤ እሱም ያውቃታል። የሚስቱ የጥፍር ቀለም ናት። ጥፍሯን ስትቀባ የረጨችው ይመስለው ነበር፤ ዕድሜ ልኩን «በታላላቆቹ ሠዓልያን ላይ የምትረጪ» እያለ ሲያሾፍባት ኖሯል። እሷም ትስቅና ዝም ትላለች።

«የአውራ ጣት ቦታ እኮ ናት» አለች ልጁ። «ማሽኑ ውስጥ ስትከተው አውራ ጣትህ ነጥቧ ላይ ካረፈ ሥዕሉ አይገለበጥም። እማዬ በጨለማ በዳሰሳ ላግኛት ብላ ነው የቀባቻት። ትንሽ ሆኜ አጠገቧ እየተቀመጥኩ አሳይታኛለች።»

ስላይዷን ተቀበላት። ነጥቧ መሃሏ ተልጧል፤ የሚስቱ ጣት ነው የላጣት። አውራ ጣቱን እዚያው ላይ አኖረ፤ ሳያነሳም ቆየ።

«ስንት ዓመት ሳቅኩባት» አለ።

«እሷም ስትስቅብህ ነበር።»

በማግስቱ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አልሄደም። ክፍል ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ስላይዶቹን እያንዳንዳቸውን በነጥባቸው እየያዘ ደረደረ፤ በሬውን፣ ጎረምሳውን፣ እናቲቱን። ተማሪዎቹ ገቡ። ወተት ቀጂዋ ስትመጣ መስኮቱ በግራ ነበር።

በቃሉ የሚያውቀው ትምህርት ጠፋበት። «እዩ» ብቻ ብሎ እሱም ከእነሱ ጋር ፊቱን ወደ ሥዕሉ አዞረ። ብርሃኑ ግንባሯ ላይ ነው፤ ከዚያ ቀኝ እጇ ላይ። ወተቱ ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። አየው፤ እንደ ድሮው አየው፤ ደስ አለው። ደስ ሲለው ጊዜም ዞር ሳይል፣ እንደ ልማዱ፣

«ቀጥዪ» አለ።

ማሽኑ ዝም አለ። ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው የሚስቱ ሞት የገባው። በወንበሮቹ መካከል በጨለማው አልፎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቦታዋ ላይ ተቀመጠ፤ እያለቀሰ የማሽኑን ቁልፍ ራሱ ተጫነው።