የእናቴ ትእዛዝ ዘፈን ሲሆን

ስለ ጦርነቱ አስቀምጦ የጠየቀኝ የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ልማር ከሰሜን መጥቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም እነሱ ቤት ካረፍኩ ጀምሮ፣ ሌላው ሰው «እንኳን እግዜር አወጣችሁ» ብሎ ያልፈኛል። እሱ ግን ጊታሩን አስቀምጦ አዳመጠኝ። ደስ ስላለኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ እናታችን «ጫማችሁን አታውልቁ» እያለች እንደተጫማን ታስተኛን እንደነበር፣ ተኩስ በተጠጋ ቁጥር በጨለማ ወደ ወንዙ እንሮጥ እንደነበር፣ ጫማ ውስጥ የሚያድረው እግሬ ቆስሎ ካልሲውን ስስበው ቆዳዬ አብሮ ይላጥ እንደነበር።

ዘፈን አደረገው። ሳይኬደሊክ ሮክ ይባላል። በእግሩ የሚረግጣት ትንሽ ማሽን የጊታሩን ድምፅ ትስበዋለች፣ ታጣምመዋለች፣ ታስጮኸዋለች። ቤት ውስጥ ሲሞክረው ያን ሌሊት ሰማሁበት፤ «ልክ እንደዚያ ነው» ብዬ አመሰገንኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ለሠርግም ለለቅሶም በምንጠቀምበት የጋራ ቤት፣ ለብሎካችን ልጆች ተጫወተው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ «ጫማችሁን አታውልቁ!» እያለ የራሱን አውልቆ ወደ ላይ አነሳ። ልጆቹ በሳቅ እየፈነዱ ተከተሉት። ያ ሁሉ ስኒከር በአየር ላይ ሲወዛወዝ ደሜ ፈላ።

«አቦ አንቺም አውልቂ እንጂ! ነው ካልሲሽ ተቀዷል?» አለኝ አንዱ።

ሄጄ የአክስቴን ልጅ ክንድ ያዝኩ።

«አቁም!»

«ምን ሆንሽ? ሰው እኮ ወደደው!»

«እናቴ ለጭፈራ አይደለም ያለችው። ቃሏን ከዘፈኑ አውጣልኝ።»

«እሱ ከወጣ ምን ዘፈን አለ?»

«አይኖራ!»

ያልነገርኩት ነገር ነበር። እናቴ ያን ትእዛዝ ያወጣችው፣ የጎረቤታችን ልጅ ጫማዋን ልታመጣ ከመንገድ ተመልሳ ስለቀረች ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግረው ምናልባት ያፍር ይሆናል። ግን ፊቱን ሳየው ልጅቷን ሁለተኛ ስንኝ እንደሚያደርጋት ታወቀኝ፤ ዋጥኩት። እሷን አልሰጠውም።

በማግሥቱ አክስቴ ምሳ ላይ፣ «ልጄን ሰው ፊት አዋረድሽው አሉ። ለእኔ ስትይ ይቅርታ ጠይቂው» አሉኝ።

አክስቴን እምቢ ብዬ አላውቅም። የምበላው የእሳቸውን ነው፤ የማድረው እሳቸው ቤት ነው።

«እትዬ፣ መጀመሪያ እሱ የእናቴን ቃል ያውጣ» አልኳቸው።

ጉርሻቸውን ይዘው አፈጠጡብኝ። ልጃቸው በሩን ገርበብ አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ነበር። እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት።