ለአንድ ምስማር ሁለት ጤነኛ

ኮት ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ብረቱ» ይለዋል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ሌላው ሰው ከጭቅጭቁ ለመገላገል ብሎ ተቀበለለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ አላስነጠሰም ይባላል። እንዲህ የሚለውም እሱ ነው።

በስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከመስተዋቱ ከፍ ብላ፣ አንዲት ምስማር አለች። የቤቱ ባለቤት እትዬ በየዓመቱ መጨረሻ አንድም ቀን ታሞ ያልቀረውን ሠራተኛ ፎቶ እዚያ ያንጠለጥላሉ። አሥራ አንድ ዓመት የተንጠለጠለው ብረቱ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ደንበኛ ሁሉ የእትዬ ሟች ባል እየመሰለው ነፍስ ይማር ይላቸዋል።

የጉንፋን ክትባት ሲነሳ ብረቱ ይስቃል። «የእኔ ሰውነት የራሱ ዘበኛ አለው። በዘበኛ ላይ ዘበኛ ይቀጠራል እንዴ?»

ዘንድሮ ግን ቆራጩ መጣበት። ቆራጩማ ድሮም ነበረ፤ ጨርቅ የሚቆርጠው፣ በር ሲከፈት የሚያስለው፣ በየዓመቱ አንድ ወር አልጋ ላይ የሚከርመው ቀጭን ሰው። ዓምና ሐኪም መክሮት ተከተበ። ከዚያ ወዲህ ሳል የለ፣ አልጋ የለ። ዓመቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ እሱም እንደ ብረቱ አንድ ቀን አልቀረም። እትዬ «ምስማሯ አንድ ናት፤ እስከ ቅዳሜ ማን እንደሚዘልቅ እናያለን» አሉ።

ብረቱን ምሳ አልወርድ አለው።

«የእሱ ጤና እኮ የራሱ አይደለም» ይላል ለሚስቱ። «በብልቃጥ የመጣ ነው። የእኔ ከእናቴ ሆድ ነው።»

«ታዲያ ምን አንገበገበህ?»

«ማን ተንገበገበ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሰው ክንድ ነዋ የምታወራው።»

ረቡዕ ጠዋት ዘበኛው ከዳው። አፍንጫው እንደተበላሸ ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ ግንባሩ ኮት ይተኩሳል። ሚስቱ «ተኛ በቃ፣ ለሰውም ታጋባለህ» አለችው። እሱ ግን ምስማሯ ታየችው። ሁለት ሹራብ ደርቦ ወጣ።

«ምነው ብረቱ፣ ዓይንህ ቀላ?» አለ ቆራጩ።

«የጨርቅ ብናኝ ነው።»

«ትንቀጠቀጣለህ እኮ።»

«ማሽኑ ነው።»

ማሽኑ ቆሞ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ልብስ የምትተኩሰውና ቁልፍ የምትተክለው ሁለቱም ታመው ቀሩ። ዓርብ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ኮቱን ሊወስድ መጣ። ለበሰው። ግራ እጁ ደህና ገባ፤ ቀኝ እጁ ግን ወደ ኋላ ዞሮ፣ ከጀርባው የቆመ ሰው ሊጨብጥ የፈለገ መሰለ። ብረቱ በትኩሳት ናውዞ የሁለት ኮት ግራ እጅጌዎች አንዱ ኮት ላይ ሰፍቷቸዋል።

«የማን ሥራ ነው?» አሉ እትዬ።

«የእኔ ነው» አለ ቆራጩ። «ሳቀብለው አደበላለቅኩበት።»

ውሸቱን ነው። እያንዳንዱን እጅጌ በጠመኔ ምልክት አድርጎ እንዳቀበለው ብረቱ ያውቃል። ይህን መቻል አቃተው። ጤናውን ቀማው፣ ይሁን። አሁን ደግሞ ደግነቱንም ብቻውን ሊይዘው ነው?

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ታምሜያለሁ» አለ። አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመው ማስነጠስ ተከትሎ ወጣ፤ የዳይሬክተሩ ኮት እንደ ባንዲራ ተውለበለበ።

እትዬ እዚያው ወደ ቤቱ ሰደዱት። ቅዳሜን አልጋ ላይ ዋለ። ምስማሯን ቆራጩ ወረሳት።

በዓመቱ ክትባት በተጀመረበት ቀን፣ ብረቱ በማለዳ ጤና ጣቢያ ተገኘ። ነርሷ እጅጌውን እንዲሰበስብ ስትነግረው በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኅቴ፣ የስፌት ቤቱን ቆራጭ ታውቂዋለሽ? ቀጭኑን?»

«አሁን ተከትቦ ወጣ እኮ።»

ብረቱ በረጅሙ ተነፈሰ። እዚህም ቀድሞታል።

«እንግዲያው» አለ ክንዱን እየዘረጋ፣ «ለእሱ ከሰጠሽው ትንሽ ጨመር አድርጊልኝ።»