ወንድሜና የሾላው ዘር

ወንድሜ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነው። ደህና አድርጌ መጻፍ አልችልም፣ ግን እሱን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። በሃያ ዓመቱ የአንድ ግንበኛ መንጋጋ ሰበረ። ቀጥሎ የአውቶቡስ ረዳት ጥርስ አረገፈ። እኔንም አንዴ በር ዘግቶ... እሱ ይቅር። ሰፈሩ «መዶሻ» ነው የሚለው።

እኔ የምሠራበት ችግኝ ጣቢያ ለምኜ አስገባሁት። ኃላፊያችን ሴት ናቸው። «አንድ ቡጢ ከሰነዘረ እንዳታማልጂኝ፣ አንቺም ትከተይዋለሽ» አሉኝ። ሦስት ልጅ ብቻዬን ነው የማሳድገው።

ሾላ ከዘር እንዲያበቅል ሰጡት። እኛ ሞክረን አልሆነልንም ነበር፤ አፈር ውስጥ እንቀብረዋለን፣ በዚያው ይቀራል። እሱ የበሰለውን ፍሬ ውሃ ውስጥ አፍርጦ፣ የተንሳፈፈውን ደፍቶ፣ የሰመጠውን አደረቀ። ዘሩ ከአቧራ አይበልጥም። ያ መንጋጋ የሰበረ እጅ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ ታቻቸው በተበሳ የችግኝ ትሪዎች አፈር ላይ ነሰነሰው፤ አፈር አላለበሰውም። ከላይ ውሃ ካፈሰሱበት ይታጠባል ብሎ ትሪዎቹን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀመጠ፣ ከታች እንዲጠጡ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን አረንጓዴ ነጥብ ነጥብ አለ።

«እታለም፣ ነይ እዪ! እንዳትተነፍሺባቸው ግን።»

ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ውሃ አጠጪያችን ግን ተበሳጨ። የሱን የውሃ ጎማ እምቢ ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም።

«መዶሻ፣ ሞግዚት ሆንክ አሉ! ጡጦ ግዛላቸው እንጂ።»

«ጎማህን ወዲያ አርግልኝ።»

«እዚህ ግቢ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ!»

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ለቀቀባቸው። የሦስት ትሪ ቡቃያ ከነአፈሩ ጠጠሩ ላይ ተደፋ። አንድ ትሪ ብቻ ተረፈ።

ወንድሜ የአካፋ እጀታ አንስቶ ትከሻው ላይ አሳረፈበት፤ አጥንቱ ቋ ሲል ሰማሁ። በፀጉሩ ጎትቶ በርሜሉ ውስጥ ደፈቀው።

«ጠጣ! ውሃ ትወድ የለ፣ ጠጣ!»

ልገላግል ስገባ ክርኑ ከንፈሬን ሰነጠቀው። አወጣው፣ መልሶ ደፈቀው። ሰው ሮጦ ደርሶ ባያስለቅቀው ይገድለው ነበር።

ኃላፊዋ መጡ። ውሃ አጠጪው የጠጣውን ውሃ እየተፋ «ሥራዬን ስሠራ ዝም ብሎ መታኝ» አለ።

«ሾላ በድፍን አልወድም» አሉ ወደኔ ዞረው። «ከመጀመሪያው እዚህ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ማን ጀመረ? ለሱ የምትወግኚ ከሆነ ግን አብረሽው ውጪ።»

ወንድሜ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የለመነኝ መሰለኝ።

«እትዬ፣ እኔ... ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። አላየሁም።»

እሱን ወዲያው አባረሩት። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። የተረፈችውን ትሪ መሬት ላይ ደፍቶ፣ ቡቃያዎቹን አንድ በአንድ በተረከዙ ጨፈለቃቸው። ከዚያ በማጅራቴ ይዞ ፊቴን ወደ ጭቃው አስጠጋው።

«ይኸንንስ? ይኸንንም አላየሽም?»

ለቀቀኝና ወጣ።

አሁን ድንጋይ ይጭናል ይሉኛል፣ እዚያም ተደባድቧል አሉ። ቤቴ አይመጣም። ውሃ አጠጪው ትከሻው ተጣሞ ቀርቷል፣ ግን ዛሬም ጎማውን ይዞ ሰላም ይለኛል፤ እኔም መልሼ ሰላም እለዋለሁ።

አይቻለሁ። የጀመረው ውሃ አጠጪው ነው።