ዌንደል ሳይዞር የወጣ ዕለት

ዌንደል ስቲድሃምን ያናደደው መባረሩ ብቻ አልነበረም። የአባራሪው ፈገግታ ነው ደሙን ያፈላው። ትሬቨር ይባላል፤ ዋዮሚንግ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኞች በመኪና የሚጎተት ተሳቢ ቤታቸውን የሚያቆሙበትን ግቢ የገዙት ሰዎች የላኩት አዲስ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሰኞ ጠዋት በር አንኳኩቶ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ተሳቢ ቤት የግቢውን መልክ ስለሚያበላሽ ከእንግዲህ እንደማይቆም፣ እስከ ቅዳሜ ቦታውን እንዲለቅ እየሳቀ ነገረው። የዌንደል ተሳቢ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

ይህን ደንብ ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ክረምት በተሳቢ ቤት እንዳላሳለፈ ግን እምላለሁ። የዌንደል ተሳቢ ጠብታ ውኃ አታፈስም፤ ጣሪያዋን በየዓመቱ በገዛ እጁ ይደፍነዋል። ከአጠገቧ የቆመችው የሁለት ዓመቷ ቅንጡ ግን ብርድ በመጣ ቁጥር ቧንቧዋ ይፈነዳል። እሷን መልከ መልካም ናት ብለው ተዉአት።

ዌንደል የጋዝ ቧንቧ በያጅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከኦክላሆማ እየወጣ ቧንቧው በሄደበት ሲሄድ ኖሯል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሚስቱ ከአርሊታ ጋር። ቦታ ሲቀይሩ እሱ ተሳቢዋን ከፒክአፑ ጋር ያያይዛል፣ እሷ ተሳቢዋን አንድ ጊዜ ትዞራለች። መንጠቆውን፣ መቆለፊያው እንዳይከፈት የሚሰካውን ፒን፣ ሰንሰለቱን፣ ደረጃውን አይታ ስታበቃ የኋላውን ግድግዳ በመዳፏ ሁለቴ ትመታለች። ሁለቴ ሳትመታ ዌንደል ፍሬን አይለቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቷ እምቢ አላትና ኦክላሆማ ቀረች። አንተም ይብቃህ ብላ ለመነችው። ተሳቢዋ መንገድ ያቃታት ቀን መጥቼ እቀመጣለሁ ብሎ ማለላት። የማለው ያ ቀን አይመጣም ብሎ ስለተማመነ ነው፤ አርሊታም ይህን ታውቃለችና ተቀየመችው። ከዚያ ወዲህ ራሱ ያያይዛል፣ ራሱ ይዞራል፣ ራሱ ግድግዳውን ሁለቴ መትቶ መሪው ጋ ይመለሳል። በያጆቹ ባዩት ቁጥር «አርሊታ መጣች እንዴ?» እያሉ ይስቁበታል።

ያን ሳምንት ጥርሱን ነክሶ ሠራ። ሥራው ሊያልቅ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር፤ እስከዚያ ታገሡኝ ብሎ መለመን ግን ሞቱ ነው። አንድ ከብት አርቢ ሜዳዬ ላይ ቁም ስላለው ቅዳሜ ጠዋት ማያያዝ ጀመረ። እዚያ ሰፈር እያያያዘ ያለን ሰው ማንም አያናግረውም፤ እሳት ካልተነሳ በቀር ሰላም እንኳ አይሉትም፣ ሐሳቡ ከተበተነ አንድ ነገር ይረሳል። ይህን የማያውቀው ትሬቨር ብቻ ነበር። የመልቀቂያ ወረቀት ይዞ ከተፍ አለ።

«ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለው። «ግቢያችንን ስለመረጡም እናመሰግናለን።»

ዌንደል ፒኑን እንደያዘ ቀና አለ።

«ቢሮህን የሚያሞቀው ጋዝ በምን የሚመጣ ይመስልሃል?»

«ጌታዬ፣ ደንቡን እኮ እኔ አላወጣሁትም።»

«በቧንቧ ነው የሚመጣው። የበየድኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ያኔ ዳይፐር ታጥቀህ ነበር። ሂድና እሱንም ዕድሜውን ጠይቀው። ካረጀብህ ንቀለውና በብርድ ተቀመጥ።»

ወረቀቱን አልፈረመም። ፒኑን ሳያስበው ደረት ኪሱ ከተተው፣ መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ደርግሞ ነዳ። አልዞረም፤ ግድግዳውንም አልመታም።

መውጫው ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። የፒክአፑ የኋላ ጎማ እሱን ሲዘል ፒን ያልገባበት መቆለፊያ ተከፈተ፣ ተሳቢዋም በአፍንጫዋ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። የፊት መቆሚያ እግሯ ታጠፈ፣ መጎተቻ ብረቷ ተሰነጠቀ። ሰንሰለቱ ባይዛት ኖሮ ወደ ኋላ ተንሸራታ ትሄድ ነበር። ከኋላዋ አንዲት ሴት መኪናዋ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ጭና ቆማለች።

ዌንደል ወርዶ ሕፃናቱን አየ። የግቢው በር በተሳቢዋ ተዘግቷል፣ ከወዲያም ከወዲህም ክላክስ ይጮኻል፣ ትሬቨር እየሮጠ ይመጣል። ስልኩን አውጥቶ አርሊታ ጋ ደወለ። ስለ ደንቡ፣ ስለ ፈገግታው፣ ስለ ወረቀቱ አንድም ሳያስቀር ለፈለፈ። ተሳቢዋ መውደቋንም ነገራት፤ ብረቷን ግን በግማሽ ቀን በይጄ አስነሳታለሁ አላት።

«ዞረህ አይተሃታል?» አለችው አርሊታ።

መዋሸት ይችል ነበር። ፒኑን ሰው ሰረቀኝ ቢል ማን ያውቃል?

«አልዞርኩም» አላት።

«ከኋላህ ሰው ነበር?»

«ሕፃናት ነበሩ።»

አርሊታ ተቆጣች።

«እንግዲያ መንገድ ያቃታት ተሳቢዋ አይደለችማ።»

ሦስት ሳምንት ብቻ ጠብቂኝ አላት፤ ልመና የሚመስል ነገር ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰማው።

«ሦስት ሳምንት» አለችው። «በይዳት፣ ግን አያይዘህ እንዳትነዳት፤ በያጆቹ ገፍተውም ቢሆን ከበሩ ዳር ያውጡልህ። ስትጨርስ መጥቼ የምዞራት እኔ ነኝ። ከዚያ የምትሄደው ወደ ቤት ነው።»

«በዚያ ጉልበትሽ?»

«በዚሁ ጉልበቴ።»

እሺ አላት። ስልኩን ወደ ደረት ኪሱ ሲመልስ ጣቱ ፒኑን ነካ።