አረንጓዴ ለባሿ ጣውንቴ

ባሌ ከእኔ ሌላ ሴት አያውቅም ነበር፤ ይህን እምልበታለሁ። ጣውንት ግን ነበረችብኝ። አራት እግር ያላት፣ አረንጓዴ የለበሰች፣ እኔ ጸጉሬን ከምበጠረው በላይ በብሩሽ የምትጠረግ የካራምቡላ ጠረጴዛ። ትኖር የነበረው አቃቂ፣ እሱ በመካኒክነት በሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ነው። ጣሊያን ነው ትቷት የሄደው ይባላል። እኔ ግን ይዟት ቢሄድ ምን ነበረበት እላለሁ።

የሥራ መውጫ ደወል ሲደወል ሌላው ሰው ወደ ቤቱ፣ እሱ ወደ እሷ። የሚመጣው ሰዓት እላፊ ሊገባ ሲል እየሮጠ ነው። ወጡን አሞቀዋለሁ፣ ይቀዘቅዛል፤ ደግሜ አሞቀዋለሁ፣ ያርርብኛል። ሰዓት እላፊ ባይኖር ኖሮ ጭራሽ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ደርግን ከልቤ ያመሰገንኩበት ብቸኛ ጉዳይ ይኸው ነው።

አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ የወሎ ሴት ነበረች፤ ባሏ በጭነት መኪና እህል ያመላልሳል። እሷም የእውነት ጣውንት ስለነበረቻት ምሬቴን የምትረዳኝ እሷ ብቻ ነች። «የኔዋስ ትናገራለች፣ እናገራታለሁ፣ ይወጣልናል፤» ትለኛለች። «ያንቺዋ ዝም ብላ ነው የምትወስድብሽ። አቤት ክፋት!»

ታዲያ አንድ ቀን ባሌ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት መጣ። የሞተ ሰው ያለ መሰለኝና ክው አልኩ። መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ጫማውንም አላወለቀ።

«ሊያወጧት ነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፋብሪካው አዲስ የውይይት ክበብ ሊቀመንበር ተመርጧል። ሰውየው በመጣ በወሩ «ካራምቡላ የቡርዧ ጨዋታ ነው፤ ሠራተኛው የሚያስፈልገው ንቃት ነው» አለ። ጠረጴዛዋ ተነቅላ አዳራሹ የውይይት ቦታ እንዲሆን፣ ከእንጨቷም አግዳሚ ወንበር እንዲሠራበት ሐሳብ አቀረበ። ሠራተኛው አጉረመረመ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከማጉረምረም በላይ ማንም አይሞክርም። በመጨረሻ አንድ ስምምነት ተገኘ። ከቃሊቲ በኩል ካለው የብረታ ብረት ፋብሪካ ጋር የካራምቡላ ግጥሚያ ነበረብን። የኛን ፋብሪካ ወክሎ የሚጫወተው ባሌ ካሸነፈ ጠረጴዛዋ የወዛደሩ ድል ተብላ ትቀራለች። ከተሸነፈ ወንበር ትሆናለች።

«እግዜር ያጽናህ» አልኩትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

«አትሳቂ። ከሷ ሌላ ምን አለኝ?»

«እኔስ?»

«አንቺማ አለሽ። አንቺን ማን ያወጣሻል?» አለኝ፣ ደግ የተናገረ መስሎት።

ግጥሚያው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤተሰብም ተጋብዟል። ከተጋባን ጀምሮ እዚያ ክበብ ውስጥ እግሬን አስገብቼ አላውቅም፤ ጣውንት ቤት ምን አደርጋለሁ? የዚያን ቀን ግን ለቀብሯ ነው የምሄደው ብዬ፣ ለለቅሶ እንደሚደረገው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ጎረቤቴ አየችኝና አፏን በሻርፗ ይዛ እየሳቀች አብራኝ መጣች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እኛ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥን። የብረታ ብረቱ ተጫዋች ረጅም፣ ቀጭን፣ የመምቻ ዱላውን እንደ ክራር በጨርቅ ጠቅልሎ የመጣ ሰው ነው። ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ የነሱ ካድሬ ካኪውን ለብሶ፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይዞ ተቀምጧል። ዳኛው የኛው ሊቀመንበር ነው። የማያውቀውን ጨዋታ ሊዳኝ መሃል ላይ ቆሟል፤ ያን ጊዜ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም።

ጨዋታው እኔ እንደገባኝ ይህን ይመስላል። ጠረጴዛው መሃል ጣት የሚያህሉ ትንንሽ እንጨቶች ይቆማሉ። የራስህን ኳስ በዱላ መትተህ የባላጋራህን ኳስ ታስነካለህ፤ የሱ ኳስ ሄዶ እንጨቶቹን ከጣለ ነጥቡ ያንተ ነው። የራስህ ኳስ ከጣላቸው ግን ነጥቡን ለባላጋራህ አስረከብክ ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ለማድረግ ነው ወጤ ሲያርር የኖረው።

ባሌ ጃኬቱን አወለቀ፤ ዱላውን አነሳ፤ ጎንበስ አለ። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቤት ውስጥ ሚስማር ሲመታ አውራ ጣቱን የሚያገኝ ሰው ነው። ውሃ ሲቀዳ ግማሹን ለመሬት ነው የሚሰጠው። ያ ሰውዬ የት እንደሄደ አላውቅም። እዚህ የቆመው ሌላ ነው፤ ትከሻው የረጋ፣ ዐይኑ የማይርገበገብ፣ እጁ እንደ ቅቤ የለሰለሰ። ኳሷን ነካ ሲያደርጋት አንዱን ጠርዝ፣ ሌላውን ጠርዝ፣ ሦስተኛውን ጠርዝ ሳም ሳም አድርጋ ዞራ፣ ከእንጨቶቹ ማዶ የተደበቀችውን ኳስ ከኋላዋ አገኘቻት። እንጨቶቹ ተረፈረፉ። ሕዝቡ ጮኸ። እሱ አልሳቀም፤ ወዲያው ለሚቀጥለው ቦታ ይመርጥ ጀመር። ከዚያ በኋላማ ለምን እንደመጣሁም ጠፋኝ። የሚመታውን ሳይሆን ከምቱ በፊት የሚያስበውን ነው የማየው። ጠረጴዛዋን በእርጋታ ይዞራታል፣ ቆም ይላል፣ ኳሱ ገና ሳትሄድ የምትደርስበትን ቦታ በዐይኑ አድርሷት ይመለሳል። ስንት ዓመት አብሬው ስበላ ይህን ሰው አላየሁትም! ቅናት ይሁን ፍቅር አልለየሁትም።

«ያንቺው ነው?» አለች ጎረቤቴ፣ እንደማታውቀው ሁሉ።

«እኔም እየጠየቅሁ ነው» አልኳት።

ባሌ መምራቱን ሲያይ ያ ካድሬ አንድ ዘዴ አመጣ። ልክ ባሌ ጎንበስ ብሎ ዱላውን ወደ ኋላ ሲስብ፣ ብድግ አለና «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ብሎ አንባረቀ።

ያንን ዘመን ለማያውቅ ሰው መንገር አለብኝ። መፈክር ሲባል መቀመጥ የለም። የያዝከውን ትተህ ትነሳለህ፣ ግራ እጅህን ጨብጠህ ወደ ላይ ታነሳለህ፣ «ይውደም!» ትላለህ። ያላነሳ ሰው ለምን እንዳላነሳ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ደግሞ ስብሰባ ላይ ብቻ አያልቅም። ስለዚህ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ባሌም የግራ እጁን አነሳ፤ ዱላው ሸርተት አለ፤ ኳሷ ባዶ ሜዳ ሄደች። ዳኛው እንኳ እጁን አንስቶ ስለነበር ምቱ ይደገም የሚል አልተገኘም።

አንዴ ቢሆን እሺ። ባሌ ባጎነበሰ ቁጥር አንድ ነገር ይወድማል። ፊውዳሊዝም ወደመ፣ ቢሮክራሲ ወደመ፣ የባሌም ነጥብ አብሮ ወደመ። የነሱ ተጫዋች ሲያጎነብስ ግን ዓለም ሰላም ነው። ቀጭኑ ሰውዬ እየለቀመ እየለቀመ ደረሰበት። አሁን ለሁለቱም አንድ አንድ ጥሩ ምት ብቻ ቀራቸው፤ ተራው ደግሞ የቀጭኑ ነው።

መደሰት ነበረብኝ። ለዚሁ አይደል የለቅሶ ነጠላ የለበስኩት? ግን ደሜ ፈላ። እኔ ባሌ እንዲሸነፍ የፈለግሁት በኳስ እንጂ በመፈክር አልነበረም! ቀና ብዬ ባሌን አየሁት። ዱላውን ደረቱ ላይ አቅፎ ጠረጴዛዋን እንደሚሰናበት ሰው ያያታል። ቀጭኑ ጎንበስ አለ። ዱላውን ሳበ።

ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። «የጭቁን ሴቶች ትግል ያሸንፋል!»

«ያሸንፋል!» አለ አዳራሹ ተነስቶ። ከሁሉ ቀድማ ጎረቤቴ ነበረች የተነሳችው። ካድሬው መጀመሪያ ዞሮ አፈጠጠብኝ፤ ቀጥሎ መፈክሩ የጭቁን ሴቶች መሆኑ ትዝ ሲለው ሳይወድ በግድ እጁን አነሳ። ቀጭኑም አነሳ። ኳሱ ተንከባልላ በራሷ አንዲት እንጨት ጣለች፤ የጣለቻት የራሱ ኳስ ስለሆነች ነጥቡ ለኛ ሆነ። ለማሸነፊያ ግን ገና አልበቃም።

ተራው የባሌ ሆነ። ኳሱ ጠርዝ ላይ ተለጥፋለች። ካድሬው አሁን በቂም በቀል ተነስቶ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ባሌ ሳይጎነብስ በፊት አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እዚያ መምጣቴን ያወቀው ስጮህ ይመስለኛል። ፈገግ አለ፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት የመጀመሪያው ፈገግታ ነበር።

ጎንበስ ሲል መፈክሩ መጣ፤ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» ሁላችንም ተነሳን። ባሌ የግራ እጁን ከማንም በላይ ቀጥ አድርጎ ሰቀለ፣ ዱላውን በጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ አስደገፈ፣ «ወይም ሞት!» አለ፣ በቀኝ እጁ ብቻ መታ። ኳሷ ሄደች። አንድ ጠርዝ፤ ሁለት ጠርዝ። አዳራሹ እጁን እንደሰቀለ ቀረ። የባላጋራውን ኳስ በስሱ ነካቻት፣ ያቺም ቀስ ብላ፣ እያመነታች፣ እንጨቶቹ መሃል ገብታ አንድ በአንድ አስተኛቻቸው።

ጩኸቱን ልገልጸው አልችልም። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ነጠላዬ የለቅሶ እንደሆነ ጎረቤቴ ናት ጎትታ ያስታወሰችኝ።

ሊቀመንበሩ ጸጥታ ጠየቀና ንግግር አደረገ። ጠረጴዛዋ የወዛደሩ ድል ስለሆነች አትነቃነቅም አለ። ተጨበጨበ። ውይይቱም ግን አይቀርም አለ። ከነገ ጀምሮ በዚሁ አዳራሽ በየማታው መጀመሪያ ውይይት፣ ከዚያ ካራምቡላ፤ ያልተወያየ አይጫወትም። ጭብጨባው ነገሩ እየገባው ሲመጣ እየሳሳ እየሳሳ ጠፋ። በገዛ አፌ ጮኼ ያመጣሁት ነው። እስከ ዛሬ የማጣው ማታውን ብቻ ነበር፤ አሁን ማርክሲዝም ሌኒኒዝምም ተጨመረበት።

ሰኞ ቤት ተቀምጬ ወጥ አሞቅሁ። ማክሰኞም አሞቅሁ። ረቡዕ ምድጃውን አጠፋሁና ራቱን በሳህን ሸፍኜ ይዤ ክበቡ ሄድኩ፤ የሠራተኛ ሚስት መወያየት ትችላለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ ደስታውን አልቻለውም፤ ለሌሎች ሴቶች አርአያ ነሽ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዲያሌክቲክስ ያልሰማሁት የለም። ንቁ ናት ብለው ለኮሚቴ ሊያስመርጡኝ ሁለቴ ሞክረዋል። እኔ ግን እዚያ አግዳሚ ላይ ሳህኔን ታቅፌ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሊቀመንበሩ «የዛሬው ውይይት እዚህ ላይ ያበቃል» ብሎ ባሌ ጃኬቱን ሲያወልቅ።