ጋሼ ሙሉጌታን ያቆየሁበት ጠዋት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ አንድ እሁድ ጠዋት ነው። የመኪና ሞተር ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብጽፈው ይወጣልኝ እንደሆን ብዬ ነው።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ነው። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ጋሼ ሙሉጌታና ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ይኖራሉ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ናት። ታይገር ትባላለች፤ ጣሪያዋ ክፍት፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ። የሹፌሩ ወንበር ተጠጋግኗል። የጎኑ ግን አዲስ ቆዳ ለብሶ ፕላስቲኩ እንኳን አልተነሳለትም። አዲስ አበባ ቪዛ የሚጠብቅ ተስፋዬ የሚባል ታናሽ ወንድም አላቸው። በልጅነታቸው እንዲህ ዓይነቷን መኪና የአንድ ፈረንጅ ግቢ ውስጥ በአጥር ቀዳዳ አብረው ያዩ ነበር። «ፕላስቲኩን የሚቀደው እሱ ነው» ይላሉ ጋሼ።

ያን ጠዋት እትዬ አልማዝ ደወሉልኝ። 

«ተስፋዬ አርፏል። ጋሼሽ አልሰማም። ሽማግሌዎቹ ከፓሳዴናና ከሃውቶርን እየመጡ ነው። እሱ ደግሞ ሎንግ ቢች የአሮጌ መኪኖች ሾው አለ ብሎ ፓርኪንግ ወርዷል። በማርያም፣ እስኪደርሱ ያዢልኝ!»

መርዶ ሽማግሌ ሳይኖር፣ እንዲያው በመንገድ አይነገርም። የሆዴን በሆዴ ይዤ ወረድኩ።

ችግሩ፣ እኔ ስለ መኪና ነዳጅ እንደሚጠጣ እንጂ ሌላ የማውቀው የለም። ጋሼ ሞተሯን አስነስተው መስታወት ይወለውላሉ።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ የዚህች መኪና ታሪኳ ምንድን ነው?»

ፊታቸው በራ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ስንሆን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

«እንግሊዞቹ ሲሠሯት ቆንጆ ነበረች፤ ጉልበት ግን የላትም። ሶ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ትልቁን የአሜሪካ ቪ ኤይት ሞተር ገጠሙላት። ነይ፣ እዪ!»

ኮፈኑን ከፈቱት። ሞተሩ ከመታጨቁ የተነሳ ጣት አያስገባም። አንዷን ካንዴላ ለመፍታት ከመኪናዋ ውስጥ በቀዳዳ እጅ መስደድ ግድ ነው አሉኝና ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥርስ አይከለከል!

«ታዲያ እንግሊዞቹ ለምን እሷን መሥራት አቆሙ?»

«ፋብሪካውን ሌላ የአሜሪካ ካምፓኒ ገዛው። የራሱ ሞተር አልገባላት አለ። የተፎካካሪውን ሞተር ይዞ እስከ መቼ ይሽጥ? በቃ፣ ገና በልጅነቷ ቀረች።»

ይህን ብለው ኮፈኑን ዘጉ፤ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ። መንገዱን አየሁ፤ የመጣ የለም። በሩን ያዝኩ። አፌ ላይ የመጣው ያው ነበር።

«ጋሼ... ታዲያ እንግሊዞቹ ለምን እሷን መሥራት አቆሙ?»

ቀና ብለው አዩኝ። በሩን አልለቀቅኩም። ቁልፉን አዙረው ሞተሯን አጠፉ።

«ማን ነው?» አሉ።

ባውቀውም መናገሩ የእኔ አልነበረም። «እኔ እንጃ ጋሼ» ብዬ እንባዬ ቀደመኝ። ወዲያው ሁለት መኪና ተከታትሎ ገባ፤ ጥቁር የለበሱ ሽማግሌዎች ወረዱ። ጋሼ ማንም ምንም ሳይላቸው እጃቸውን ጎናቸው ባለው ወንበር፣ ፕላስቲኩ ላይ አሳረፉ።

«ተስፋዬ ነው፣ አይደል?»

ከአርባው በኋላ አንድ እሁድ በሬን አንኳኩ። «ነይ፣ ትንሽ ድራይቭ እናድርግ» አሉኝ። ልቀመጥ ስል ፕላስቲኩን ላነሳ እጄን ሰደድኩ።

«ተዪው» አሉኝ።

ሰዎች «ጎሽ፣ ደግ ሠራሽ» ይሉኛል። እኔን ግን ያ ሳቃቸው ያንገበግበኛል። ወንድማቸው መሞቱን እያወቅኩ ያሳቅኳቸው እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ሲስቁም ዳግመኛ አልሰማኋቸው። አሁን እሁድ እሁድ ይዘውኝ ይወጣሉ። ፕላስቲኩ በተነቃነቅኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ እንዳይሰሙት ብዬ ሳልንቀሳቀስ እቀመጣለሁ።