ጋዜጠኛ ነኝ ማለት ያልጠቀመኝ ቅዳሜ

ባልደረቦቼ የማይደነግጥ ሰው ይሉኛል። ስብሰባ ሲረበሽ፣ ባለሥልጣን ሲቆጣ፣ መኪና ገደል አፋፍ ላይ ሲንሸራተት ማስታወሻዬን እይዛለሁ። ሲያሞግሱኝ እንዳልሰማ እሆናለሁ፤ ግን አንድም አያመልጠኝም። ይህን ዝናዬን ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ ላይ የጨረሱልኝ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ናቸው።

ነርሷ በስፖርት ውርርድ የተያዙ ሰዎችን የሚረዳ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቁመዋል። አቅም የሆናቸው ቅሬው ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ለሞተ ሰው ድንኳን የምንተክል ሰዎች በቁሙ የሚጠፋውን እንዴት ቆመን እናያለን ብለው ሽማግሌዎቹን አሳመኗቸው። ይህን ልዘግብ ሄድኩ።

ልማዴ አስቀድሞ ማየት፣ ኋላ ራስን ማስተዋወቅ ነው። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ወደ ስብሰባቸው ገብቼ የኋላው አግዳሚ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ሰው ቆሞ ስለ ራሱ ሲናገር ቆይቶ ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ቁማርተኛ እንዳልሆንኩ፣ ጋዜጠኛ እንደሆንኩ፣ የመጣሁትም ለሥራ እንደሆነ ተናገርኩ።

የሳቀ የለም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አብሽር ወንድሜ» አሉ ነርሷ። «መጀመሪያ ቀን ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።»

ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ለጎረቤቱ ባለፈው የመጣው ደግሞ መሐንዲስ ነኝ ብሎ እንደነበር አስታወሰው። ነርሷ ይጠይቁኝ ጀመር። ስልክህን ቶሎ ቶሎ ታያለህ ወይ? እንቅልፍ ይነሳሃል ወይ? አንድ ብቻ ልጨምር እያልክ ቀንህ ይመሻል ወይ? ከቤተሰብህ ጋር በዚህ ተጣልተሃል ወይ? የዜና ሥራም ይህንኑ ሁሉ ያደርጋል፤ እኔ ለእውነት የቆምኩ ሰው ነኝና ሁሉንም አዎ አልኩ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ማንም አልሰማኝም።

ቅዳሜ በከተማው ገበያም ኳስም ስላለ የማኅበሩ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይውላሉ። የመጨረሻው ጨዋታ እስኪያልቅ ጥንድ ከጥንዱ አይለይም፤ አንዱ ሽንት ቤት ቢገባ ሌላው ደጅ ይቆማል። ለእኔ የደረሰኝ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር።

ልብስ ሰፊው ለዚያ ቅዳሜ የራሱ ጭንቀት ነበረው። የበዓሉን በግ ሸጦ ከተወራረደበት ቀን ጀምሮ ሚስቱ አቀስታ ከተማ አባቷ ቤት ናት። አማቱ ቄስ ናቸው። በዚያ ቅዳሜ መጥተው በዓይናቸው ሊያዩት ነው፤ ሥራው ላይ ካገኙት ልጃቸውን ይመልሳሉ፣ ቤቲንግ ቤት ካገኙት ጋብቻው ይፈርሳል። ይህን የነገረኝ የሱሪ ጫፍ እያጠፈ፣ ቀና ሳይል ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን አሰብኩ? ቤቲንግ ቤቱን ውስጡን ሳላይ ዘገባዬ ጎዶሎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አምስት ደቂቃ ብቻ ታገሠኝ አልኩት።

መቀሱን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይቺን አምስት ደቂቃ አውቃታለሁ።»

ለሥራ እንደሆነ፣ የማየው ስክሪኑንና ሰዉን ብቻ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳሁት። እሱም የጀመረው ለማየት ብቻ እንደነበረ በትዕግሥት አስረዳኝ። ተነሥቼ ሄድኩ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተከተለኝ።

እኔ ገባሁ፤ እሱ ደፉ ላይ ቀረ። ጀርባውን ለስክሪኑ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ አንድ እጁን ብቻ ወደ ውስጥ ዘርግቶ የኮቴን ጫፍ ያዘ።

«ጋሼ፣ ይውጡ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንት ለስንት ናቸው?»

ሲጠይቁኝ መመለስ ልማዴ ነውና አፌን ከፈትኩ።

«አይንገሩኝ» አለ ፈጥኖ። በሌላው እጁ ጆሮውን ደፈነ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩት የገባኝ፤ ልወጣ ዘወር አልኩ።

ቄሱ መንገዱ ላይ ቆመው ነበር። ነጭ ጥምጥም፣ የታጠፈ ጃንጥላ። የልብስ ሰፊውን ወንበር ባዶ አግኝተው ሰው ጠቁሟቸው መምጣታቸው ነው። አማቻቸውን ደፍ ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁ ቤቲንግ ቤት ውስጥ ሆኖ አገኙት።

«አባ፣ እሳቸውን ላወጣ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። ቄሱ ሊመለሱ ዞሩ።

የጋዜጠኝነት መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ባወጣው እኔ ነጻ ነኝ፤ ጋዜጠኛን ግን ከቤቲንግ ቤት የሚያወጣ ሰው የለምና ልብስ ሰፊው ውሸታም ሊሆን ነው። እጄን ከኪሴ አወጣሁ፤ ባዶውን።

«አባ፣ እውነቱን ነው» አልኩ። «የገባሁት እኔ ነኝ። ቁማርተኛ ነኝ።»

ውስጥ የነበሩት ጎረምሶች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ቄሱ ከሽበቴ እስከ ጫማዬ መረመሩኝ። ልጆች አሉህ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አሉኝ አልኩ። ከዚያ ገበያተኛው ፊት ረጅም ተግሣጽ ሰጡኝ፤ አለቃ ብዙ ጊዜ ተቆጥቶኛል፣ እንደዚህ በደንብ ተዘጋጅቶ የተቆጣኝ ግን የለም። ሲጨርሱ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ዳግመኛ እዚህ ደጅ ብትደርስ ግዝት ነው አሉኝ። እስከ ዛሬ አልደረስኩም፤ ዘገባዬም ስለ ቤቱ ውስጥ አንድ መስመር የለውም።

ወደ አማቻቸው ዞሩ።

«ኳሱ እስኪያልቅ ይሄን ሰውዬ እንዳትለቀው። ማክሰኞ ደግሞ ሽማግሌ ይዘህ ና።»

ማክሰኞ ልብስ ሰፊው አብሬው አቀስታ እንድሄድ ለመነኝ፤ ለሽማግሌነት ሳይሆን ለማስረጃነት። ሄድኩ። ቄሱ ልጃቸውን መርቀው ሰጡት። ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ሚስትየው በእኔና በባሏ መካከል ተቀመጠች፤ ባሏን ምንም አላለችውም፣ እኔን ግን መካነ ሰላም እስክንገባ ድረስ መከረችኝ።